ወተት የጠፋበት ማዕድ፦ ከድርቁ በኋላ በሊበን ቆላ የስኳርና የግፊት ነገር

«ስኳር የሀብታም በሽታ ነው» ሲባል ሰምተን አድገናል። ሥጋና ቅቤ የሚያበዛ፣ ከመኪና የማይወርድ፣ ሆዱ የገፋ ሰው በሽታ አድርገን ነው የምናስበው። በነገሌ ቦረና፣ በፊልቱ፣ በሞያሌና በዙሪያቸው ባሉ የቆላ ከተሞች ድሃው ምን እንደሚበላ ልብ ብሎ ያየ ሰው ግን ይህን አባባል እንደገና ሊያስብበት ይገባል። ከብቱን በድርቅ ያጣው፣ ከተማ ዳር በላስቲክ ጎጆ የተጠለለው፣ በቀን ሁለቴ ከበላ አልሐምዱሊላህ የሚለው ወገናችን ዛሬ ከድስቱ የሚያወጣው ምግብ ለስኳርም ለደም ግፊትም በር የሚከፍት ዓይነት ነው። ይህን ማዕድ ከሚሞሉት እጆች አንዱ ደግሞ የእኛው ነው። በየረመዳኑ በሙስሊሙ ማኅበረሰብ መዋጮ ተገዝቶ የሚከፋፈለውን አስቤዛ ማለታችን ነው። ወደ እሱ እንመለስበታለን።

መጀመሪያ ማዕዱ እንዴት እንደተለወጠ እንይ። ሊበን የሚለው ስም በሁለት ክልል ይገኛል። አንዱ በነገሌ ዙሪያ ያለው የኦሮሚያው ሊበን ወረዳ ነው፤ ሌላው ፊልቱን ዋና ከተማው ያደረገው የሶማሌ ክልል ሊበን ዞን ነው። ድርቁ ሁለቱንም መታ። ከ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። ቦረናው «ገና» እና «ሐጋያ»፣ ሶማሌው «ጉ» እና «ደይር» የሚላቸው የበልግና የመኸር ዝናቦች እየተፈራረቁ ቀሩ። በደቡቡ ቆላ በሚሊዮን የሚቆጠር ከብት አለቀ። ዝናቡ በ2015 ሲመለስ ብዙው ሰው የሚያረባው አልነበረውም፤ ከተማ ዳርና መጠለያ ውስጥ ነበር።

ከብት የሞተበት አርብቶ አደር ሀብቱን ብቻ አይደለም ያጣው፤ ምግቡን አጥቷል። የቦረና ሴቶች የላም ወተት በተሸመነና በእንጨት ጭስ በታጠነ ዕቃ አኑረው ለቀናት ያረጉታል፤ «ኢቲቱ» ይባላል። ሶማሌው የግመሉን ወተት በታጠነ ዕቃ አኮምጥጦ «ዳናን» ይለዋል። ጭሱ ለሽታ ብቻ አይደለም፤ ወተቱን የሚያበላሹ ተሕዋስያንን ይቀንሳል፤ የሚያረጉት ባክቴሪያዎች ደግሞ በአሲዳቸው ሌላውን ይገፋሉ። ማቀዝቀዣ በማይታሰብበት ሙቀት ወተት ለሳምንታት የሚቆየው በዚህ ብልሃት ነው። በቆሎና ማሽላም ከገበያ ይገዛ ነበር፤ ሻይና ስኳርም ከገቡ ቆይተዋል። የምግቡ ምሰሶ ግን ወተት ነበር።

አሁን ምሰሶው ምንድን ነው? በሀገራችን የተለመደው የአስቸኳይ ጊዜ እርዳታ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና ግማሽ ሊትር የማይሞላ ዘይት ነው። እህሉ ብዙውን ጊዜ ስንዴ ነው። ይህ ራሽን ነፍስ አድኗል፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። በ2015 መጨረሻ ከእርዳታ ዝርፊያ ጋር ተያይዞ የአሜሪካ ተራድኦ ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም እደላውን ለወራት ሲያቆሙ መጠለያዎች ውስጥ የደረሰውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ነገር ግን ራሽን የተሰላው ለካሎሪ ነው፤ ሰው እንዳይሞት። አንድ ቤተሰብ ለዓመታት እንዲኖርበት የታሰበ አይደለም። ጥራጥሬው በጎደለ ወር ደግሞ የሚቀረው እህልና ዘይት ብቻ ነው። ቀሪውን ሱቅ ይሞላዋል፦ ፉርኖ ዱቄት፣ ፓስታ፣ መኮሮኒ፣ ሩዝ፣ የሚረጋው ፓልም ዘይት፣ ስኳር። ሁሉም በጆንያና በካርቶን ሩቅ መንገድ ይጓዛሉ፣ በሙቀት አይበላሹም፣ ዋጋቸውም ከወተት ይቀላል። ለዚህም ነው ድሃው የሚገዛቸው።

ስኳሩን እስቲ እናስላው። በአንድ ብርጭቆ ሻይ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር የሚጨምር ሰው 12 ግራም ገደማ ይጠጣል። በቀን አምስት ብርጭቆ ቢጠጣ 60 ግራም ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ቢቻል ከ25 ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ከሰዓት በኋላ ጫት ላይ የሚቀመጠው ደግሞ ለስላሳ ይጨምርበታል፤ አንዷ ጠርሙስ ብቻዋን የቀኑን መጠን ትሞላለች። ወተት በሌለበት ቤት ሕፃኑም የሚጠጣው ይህንኑ ሻይ ነው።

ሁለት ማዕድ ነበረን

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሳት ነገር አለ። ጤናማ አመጋገብ ሲባል በሬዲዮም በቴሌቪዥንም የምንሰማው አትክልት፣ ጥራጥሬ፣ ያልተፈተገ እህል ነው። ልክ ነው፤ ለደገኛው ገበሬ። የገበሬው ማዕድ ጤፉ፣ ማሽላው፣ ሽሮው፣ ባቄላው ነው፤ በአሰር የበለጸገ፣ እንጀራውም የቦካ። የአርብቶ አደሩ ማዕድ ግን ሌላ ነው፤ አሰር እምብዛም የለበትም፣ ስብ ይበዛበታል። በመጽሐፍ ሕግ ቢሆን የልብ በሽታ መነኸሪያ መሆን ነበረበት። አልሆነም።

ከድንበር ማዶ በሰሜን ምዕራብ ኬንያ በቱርካና አርብቶ አደሮች ላይ የተደረገው ጥናት ይህን በደንብ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ የሆነው ይህ ጥናት ከ1,200 በላይ አዋቂዎችን አካቷል። ከመንጋው ጋር የሚኖሩት፣ ከሚበሉት አብዛኛው ከእንስሳት የሚገኝ ቢሆንም፣ ስኳራቸውም፣ ግፊታቸውም፣ የደም ስባቸውም ጤናማ ሆኖ ተገኘ። ከብት ትተው ግን በገጠር የቀሩትም ብዙ አልተለወጡም። የተበላሸው ከተማ የገቡት ዘንድ ነው፤ ስኳር፣ ዘይትና የተፈተገ ዱቄት በበዛበት፣ እግር በማይራመድበት። ከዚህም የሚያስደነግጠው ከተማ ውስጥ የተወለዱት ካደጉ በኋላ የባሰ ሆነው መገኘታቸው ነው። ቱርካና የእኛን ቆላ ይመስላል፤ ሙቀቱም፣ ግመሉም፣ ድርቁም አንድ ነው። የነገሌና የሞያሌ ዳርቻ ሠፈሮች ወዴት እየሄዱ እንደሆነ ለማየት ከዚህ የቀረበ መስተዋት አናገኝም።

እንግዲህ ጉዳዩ ወተት ከጥራጥሬ ይበልጣል ወይም ጥራጥሬ ከወተት ይበልጣል አይደለም። ሁለት ጤናማ ማዕድ ነበረን፣ የገበሬውና የአርብቶ አደሩ። ተፈናቃዩ ወገናችን ከአንዱ ወጥቶ ወደ ሌላው አልገባም። ወተቱ ቀረ፣ ባቄላው አልመጣም። የቀረበለት ሦስተኛ ማዕድ አሰርም የለው፣ የረጋ ወተትም የለው።

ሆድ ውስጥ ያለው ሕዝብ

ለምን ይህ ማዕድ ያሳምማል? ግማሹ መልስ የታወቀ ነው፤ የተፈተገ ዱቄትና ስኳር ወደ ደም ቶሎ ይገባሉ፣ ቆሽትን ያደክማሉ። ሌላው ግማሽ ያለፉት ሃያ ዓመታት ምርምር የከፈተው ነው። በትልቁ አንጀታችን ውስጥ በትሪሊዮን የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። እኛ መፍጨት ያልቻልነውን አሰር እነሱ ይበሉታል፤ በለውጡ የሚሰጡን አሲዶች የአንጀትን ግድግዳ ይመግባሉ፣ ሰውነት ለኢንሱሊን በደንብ እንዲታዘዝ ያግዛሉ፣ የውስጥ ብግነትን ያበርዳሉ። ምግብ ካጡ ይመናመናሉ፤ አንዳንዶቹም የአንጀቱን ልባስ ራሱን መብላት ይጀምራሉ። ግድግዳው ሲሳሳ ወደ ደም ማለፍ የማይገባው ያልፋል፤ ሰውነትም ሳይታወቀው ዘወትር በቀስታ ይቃጠላል። ስኳር፣ ግፊትና የልብ በሽታ ከዚህ ዝግ ያለ ቃጠሎ ጋር የተሳሰሩ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ጥናት ሃያ የደቡብ አፍሪካ ገጠር ነዋሪዎችንና ሃያ ጥቁር አሜሪካውያንን ለሁለት ሳምንት ምግብ አለዋወጣቸው። አሜሪካውያኑ የበቆሎና የባቄላውን ማዕድ ሲበሉ የአንጀታቸው ብግነት ቀነሰ፤ አፍሪካውያኑ የአሜሪካውን ሲበሉ ጨመረ። ሁለት ሳምንት ብቻ! ስለ ረጋ ወተት ደግሞ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በ36 ጤነኛ ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት አለ፤ ግማሾቹ ለአሥር ሳምንት እርጎና ሌሎች የቦኩ ምግቦችን አብዝተው ሲበሉ የአንጀት ባክቴሪያቸው ስብጥር ሰፋ፣ በደማቸው ውስጥ ያሉ 19 የብግነት ምልክቶች ቀነሱ። ኢቲቱንና ዳናንን ያቆዩልን እናቶች ስንፍናችንን አይተው ሳይታዘቡን አይቀርም፤ እነሱ የሠሩትን ዛሬ ሌላው ዓለም በጠርሙስ አሽጎ በውድ ይሸጣል።

የቆላው ሆድ ጠላት ምግብ ብቻ አይደለም። በነሐሴ 2014 ከባሌ የተነሳው ኮሌራ ወደ ጉጂና ወደ ሊበን ወርዶ ነበር። ተደጋጋሚ ተቅማጥ የልጅን አንጀት ያቆስላል፣ ቢበላም እንዳይገነባ ያደርገዋል። በዚህ ላይ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከሱቅና ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው አንቲባዮቲክ አለ። ሆድ ቁርጠት በመጣ ቁጥር የሚዋጥ እንክብል መጥፎውንም ደጉንም ባክቴሪያ አንድ ላይ ያጭዳል።

ከማኅፀን የሚጀምር ዕዳ

በ2014 እና በ2015 በመጠለያ ውስጥ የተፀነሱትና የተወለዱት ልጆች ጉዳይ ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ በሆላንድ በደረሰው ረሀብ ወቅት ማኅፀን ውስጥ የነበሩ ሰዎች ካደጉ በኋላ ሲመረመሩ ሰውነታቸው ስኳርን የማስተናገድ አቅሙ ደክሞ ተገኝቷል። ማኅፀን ውስጥ የተራበ ልጅ ሰውነቱን ለረሀብ ዓለም አዘጋጅቶ ይወለዳል። ሲያድግ የሚያገኘው ግን ስኳርና ፉርኖ ዱቄት ከሆነ ሒሳቡ አይገጥምም።

ዓለም ይህን ለመቀበል ዘግይቷል። ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የስኳር በሽታ መጀመሪያ በጃማይካ እ.ኤ.አ. በ1955 ተገለጸ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1985 በዝርዝሩ አስገባው፣ በ1999 ደግሞ ማስረጃው አነሰ ብሎ አወጣው። በሀገራችን የጎንደር ሐኪሞች ቀጫጭን፣ ወጣትና ድሃ የገጠር ሕሙማንን ለዓመታት ሲያክሙና ሲጽፉ ኖረዋል። በመጨረሻ ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን በሚያዝያ 2025 እ.ኤ.አ. በባንኮክ ጉባኤው «ዓይነት አምስት ስኳር» ብሎ እውቅና ሰጠው፤ በዓለም ከ20 እስከ 25 ሚሊዮን ሰው እንደሚይዝም ይገመታል። ለቆላው ትርጉሙ ቀጥተኛ ነው። የከሳ ወጣት ውሃ ጥም ቢያበዛ፣ ሌሊት ደጋግሞ ለሽንት ቢነሳ፣ «ይህ ከረሀብ ነው» ተብሎ መታለፍ የለበትም። ደሙ ይታይ። እንዲህ ያለው ሕመምተኛ እንደ ወፍራሙ ቢታከም፣ በተለይ ኢንሱሊን ሳይመጠንለት ቢሰጠው፣ ስኳሩ በድንገት ወርዶ ሊሞት ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2015 በተደረገው ብሔራዊ ጥናት ከአዋቂ ኢትዮጵያውያን 16 በመቶ ገደማ የደም ግፊት፣ 6 በመቶ ገደማ ከፍ ያለ የደም ስኳር ተገኝቶባቸዋል። ይህ ከድርቁ በፊት ነው።

ስለ ግመል ወተትም አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። «የግመል ወተት ስኳርን ያድናል» የሚለው ወሬ በቆላው ብቻ ሳይሆን በአዲስ አበባም ተስፋፍቷል። መነሻ አለው፤ በሕንድ ራጃስታን በተደረጉ ትንንሽ ጥናቶች የግመል ወተት የሚጠጡ ሕሙማን የሚወስዱት ኢንሱሊን በመጠኑ ቀንሶ ታይቷል። ቀነሰ ማለት ግን ቀረ ማለት አይደለም። ወተቱን ተማምኖ ኢንሱሊኑን ያቆመ ሰው በቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ያልፈላ ወተት ደግሞ በደቡቡ ቆላ ከብቶችና ግመሎች ላይ የሚገኘውን የብሩሴሎሲስ በሽታ ያስተላልፋል፤ ማርጋት ብቻውን አይገድለውም። ፈልቶ፣ ቀዝቅዞ፣ በቆየ እርሾ ቢረጋ ሁለቱም ይገኛል። ጣዕሙ ይለወጣል ብለው የሚቃወሙ እናቶች አሉ፤ እውነት አላቸው፣ ይለወጣል።

አስቤዛችን

አሁን ወደ ራሳችን። ረመዳን ሲገባ ከየከተማው መስጂድ፣ ከጀመዓዎች፣ ከውጭ ሀገር ከሚኖሩ ወንድምና እህቶች ገንዘብ ይሰበሰባል። በጎ ሥራ ነው፤ አላህ ይቀበለው። ጥቅሉ ሲፈታ ግን የሚታየው በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፦ ፉርኖ ዱቄት፣ ሩዝ፣ መኮሮኒ፣ ዘይት፣ ስኳር፣ ጥቂት ቴምር። ይህ ጥቅል የተነደፈው ለመጫንና ለፎቶ በሚመች መልኩ ነው ብንል የሚቆጣ ይኖር ይሆን? ቀኑን ጾሞ የዋለ ሰው በባዶ አንጀቱ ላይ የሚወርደው የተጠበሰ ሳምቡሳና በስኳር የወፈረ ጭማቂ ይሆናል። ድሮ በቆላው ፊጥር የሚያዘው በወተት ነበር።

ከጥቅሉ ስኳሩን በግማሽ ቀንሶ በምትኩ ቦሎቄ መጨመር ከባድ አይደለም። ቦሎቄ እዚያው በቦረናና በጉጂ ይበቅላል። ፉርኖውን በማሽላ ወይም ከነአሰሩ በተፈጨ በቆሎ መተካትም ይቻላል። ዘካተል ፊጥር የሚሰጠው ከሀገሩ ምግብ ስለሆነ የትኛው እህል እንደሚሻል ዑለማዎቻችን ከጤና ባለሙያ ጋር ቁጭ ብለው ቢነጋገሩበት እንወዳለን፤ ፍርዱ የእነሱ ነው። ለሕፃናት ደግሞ በዳካ፣ ባንግላዴሽ፣ የተሞከረው ትምህርት ይሰጣል። ከሽምብራ፣ ከአኩሪ አተር፣ ከኦቾሎኒና ከአረንጓዴ ሙዝ የተሠራ፣ የአንጀት ባክቴሪያን ታሳቢ ያደረገ ምግብ ካሎሪው ቢያንስም ከተለመደው አልሚ ምግብ የተሻለ ዕድገት አስገኝቷል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ነው የወጣው። ከአራቱ ለገበያችን እንግዳ የሆነ የለም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ወተቱን መመለስ ነው። ይህ ሐሳብ በራሱ በሊበን ተሞክሯል። ከአሥር ዓመት በፊት በሶማሌ ክልል በሊበንና በሺኒሌ ዞኖች «ወተት ወሳኝ ነው» በሚል የተካሄደው ጥናት፣ በደረቅ ወቅት ጥቂት የሚታለቡ እንስሳትን ከቤት አጠገብ አስቀርቶ መኖና ክትባት በመስጠት፣ ሕፃናት ወተት እንዳያጡና ሰውነታቸው እንዳይከሳ ማድረግ እንደሚቻል አሳይቷል። ወጪውም ልጁ ከተጎዳ በኋላ ለማከም ከሚወጣው ያነሰ ነበር።

ለእኛ ደግሞ ይህ ባዕድ ሐሳብ አይደለም። ቦረናው ከብት ላለቀበት ዘመዱ የሚታለብ ላም ያውሳል፣ «ደባሬ» ይለዋል። ጎሳው ተሰብስቦ የወደቀውን የሚያነሳበት «ቡሳ ጎኖፋ»ም አለ። በእስልምና ውስጥ ወተቷን ጠጥቶ እንዲመልሳት ፍየል ወይም ግመል ለችግረኛ ማዋስ «መኒሓ» ይባላል፤ የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ምንዳውን ከፍ አድርገው ያወሱት ሰደቃ ነው። በከተማ የምንኖር ብዙዎቻችን ስሙን እንኳ ረስተነዋል።

አንድ የመስጂድ ኮሚቴ ከሰበሰበው ገንዘብ ጥቂቱን ለይቶ፣ በነገሌ ወይም በፊልቱ ዳርቻ ሕፃን ወይም ነፍሰ ጡር ላለባቸው ቤተሰቦች የምትታለብ ፍየል በመኒሓ ቢሰጥ፣ ከእሷ ጋር የሦስት ወር መኖና የእንስሳት ሐኪም ክፍያ ቢያዝላት፣ ወተቷ ሲደርቅ ተመልሳ ለሌላ ቤት ብትተላለፍ ያስኬዳል። መኖው ካልታሰበ ግን ፍየሏ በመጀመሪያው ደረቅ ወር ትሸጣለች፤ ለዚህ ቤተሰቡን መውቀስ አይቻልም። ፍየል ማርባት ለማይችሉት በመጠለያ ላሉ ደግሞ ከወተት ሻጭ እናቶች ጋር ውል ገብቶ በየቀኑ አንድ ሊትር የሚያስቀዳ ኩፖን መስጠት ይቻላል። እነዚያ እናቶች ማለዳ በጀሪካን ወተት ተሸክመው ወደ ገበያ የሚገቡ፣ ከድርቁ የተረፈችውን አንዲት ግመል ወይም ሁለት ላም ይዘው ቤት የሚያስተዳድሩ ናቸው። የኩፖኑ ገንዘብ የሚደርሰው ለእነሱ ነው።